ስለ ቃሉ ወንበሩን የለቀቀው የቶዮታ መሥራች

በክረምት ጭቃውን፣ በበጋ አቧራውን እየሰነጠቀ ወላድን ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ፣ የግብርና ባለሙያውን እስከ ማሳው ጥግ የሚወስደው ፒክአፕ፣ በከተማ መናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሚኒባስ፤ ብዙዎቹ በግንባራቸው አንድ ስም ተሸክመው ይሄዳሉ። ቶዮታ። ስሙን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከስሙ ጀርባ የነበረውን ሰው የሚያውቅም እንዲሁ ጥቂት ነው።

ይህ ሰው ኪይቺሮ ቶዮዳ ይባላል። ከሽመና ማሽን ፋብሪካ ጥግ ተነሥቶ የመኪና ኢንዱስትሪ የገነባ፣ ዛሬ የዓለም ፋብሪካዎች የሚማሩትን የአሠራር ሥርዓት መሠረት የጣለ፣ በመጨረሻም ለሠራተኞቹ የተገባውን ቃል መጠበቅ ባቃተው ጊዜ የፕሬዚዳንትነት ወንበሩን የለቀቀ መሐንዲስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪይቺሮ የተወለደው ጁን 11 ቀን 1894 በጃፓን ሺዙኦካ ግዛት፣ ዛሬ ኮሳይ በምትባለው ከተማ ሥር በሚገኝ የገጠር መንደር ነው። አያቱ እርሻም አናጺነትም አጣምሮ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። በዚያ አካባቢ የገበሬ ሚስቶች ከቤት ሥራቸው ጎን ለጎን ሸማ ይሠሩ ነበር። የኪይቺሮ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ እናቱ በእንጨት መሸመኛ ላይ ጎንበስ ብላ ስትደክም እያየ ያደገ ሰው ነው። ያንን ድካም የሚያቀልል መሣሪያ ለመሥራት ቆርጦ ተነሣ፤ ከአባቱ የተማረውን የአናጺነት ሙያም ለዚሁ አዋለው። በ1891 በአንድ እጅ ብቻ የሚሠራ የእንጨት መሸመኛ ፈልስፎ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አገኘ።

ይሁን እንጂ የፈጠራ ሰው ቤት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሳኪቺ ከቤት እየራቀ፣ ያገኘውንም ገንዘብ በሙከራ ላይ እያፈሰሰ ይሰነብት ስለነበር ትዳሩ አልጸናም። የኪይቺሮ እናት ልጇን ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ቤቱን ለቃ ሄደች። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በአያቶቹ እጅ ነው። አባቱ ሁለተኛ ሚስት ካገባ በኋላ ነበር ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው። በዚያ ቤት የሚሰማው ድምፅ የመወርወሪያ ድምፅ፣ የሚወራውም ወሬ የድርና የማግ ወሬ ነበር።

ከሳኪቺ ፈጠራዎች መካከል አንዱ ሐሳብ ለልጁ ዘመን ተረፈ። በሞተር የሚሠራ መሸመኛ ክር ሲበጠስበት ዝም ብሎ ይቀጥላል። ሸማኔው ብልሽቱን እስኪያይ ድረስ ብዙ ክንድ ጨርቅ ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማሽን አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ሳኪቺ ግን ክር በተበጠሰ ቅጽበት ማሽኑ በራሱ እንዲቆም አደረገ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ብልሹ ጨርቅ አይሠራም፤ ሰውም የማሽን ዘበኛ መሆኑ ይቀራል። አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን መቆጣጠር የሚችለው ችግሩ ራሱ ሲጠራው ብቻ መሄድ ሲበቃው ነው።

ኪይቺሮ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ በቤተሰቡ ላይ ከባድ ነገር ደረሰ። በ1910 ገበያው ሲቀዘቅዝ ባለሀብቶች ሳኪቺን በስሙ ከተቋቋመው የመሸመኛ ኩባንያ እንዲለቅ አደረጉት። የፈለሰፈው ሰው ወጥቶ ገንዘብ ያዋጡት ቀሩ። ሳኪቺ ሐዘኑን ይዞ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተጓዘ፤ በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይም ገና አዲስ የነበረውን መኪና በዓይኑ አየ። ሲመለስ ሥራውን ከዜሮ ጀመረ።

ልጁ ዝምተኛ፣ ሰውነቱም ደከም ያለ ነበር ይባላል። በሰንዳይ ከተማ ከተማረ በኋላ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና አጥንቶ በ1920 ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት የአባቱን የክርና የጨርቅ ፋብሪካ ተቀላቀለ። ብዙም ሳይቆይ ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ሄዶ፣ በወቅቱ በዓለም ታዋቂ በነበረው በኦልድሃም ከተማው የፕላት ወንድማማቾች የሽመና ማሽን ፋብሪካ አሠራሩን ተመለከተ።

አባትና ልጅ አብረው የደከሙበት ሥራ በ1924 ፍሬ አፈራ። ዓይነት ጂ የተባለው አውቶማቲክ መሸመኛ በፍጥነት እየሠራ፣ ክሩ ያለቀበትን መወርወሪያ ሳይቆም በአዲስ ይተካ ነበር፤ ክር ሲበጠስ ደግሞ ወዲያው ይቆማል። በ1926 ይህንኑ ማሽን የሚያመርት ፋብሪካ በካሪያ ከተማ ተቋቋመ። በ1929 መጨረሻ ኪይቺሮ ሊማር የሄደበት የእንግሊዙ የፕላት ፋብሪካ የዚህን መሸመኛ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ትናንት ተማሪ የነበረ ዛሬ ሻጭ ሆነ።

ኪይቺሮ ግን ልቡ ከመሸመኛው አልፎ ነበር። በሴፕቴምበር 1923 ቶኪዮንና ዮኮሐማን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የባቡር ሐዲዱን ሲያቋርጥ፣ ሰውና እህል ያጓጓዘው ከአሜሪካ የመጣው መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ ፎርድ በ1925 በዮኮሐማ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በኦሳካ መገጣጠሚያ ከፈቱ። የጃፓን መንገዶች በአሜሪካ መኪና ተሞሉ። ከእነዚህ ግዙፍ ኩባንያዎች ጋር መፎካከር በወቅቱ ለብዙ ነጋዴ እብደት ይመስል ነበር። ሳኪቺ ኦክቶበር 30 ቀን 1930 ሲያርፍ፣ እርሱ በመሸመኛ እንዳደረገው ልጁ በመኪና አገሩን እንዲጠቅም አደራ እንዳለበት በቤተሰቡ ይነገራል።

ሥራው የተጀመረው በመሸመኛ ፋብሪካው ጥግ ነው። ኪይቺሮና ጥቂት ባልደረቦቹ ትንሽ ሞተር ፈትተው እያጠኑ፣ መልሰውም እየሠሩ ተማሩ። ሴፕቴምበር 1933 በፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል በይፋ ተቋቋመ። የእህቱ ባልና የፋብሪካው ኃላፊ ሪሳቡሮ ቶዮዳ ሥጋት ነበረበት፤ ሥጋቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። የመሸመኛ ትርፍ ማለቂያ ወደሌለው ሙከራ እየፈሰሰ ነበርና።

ትልቁ ፈተና የሞተሩን እምብርት ከቀለጠ ብረት ማውጣት ነበር። ለመሸመኛ ብረት ማቅለጥ የለመዱት ባለሙያዎች ውስጡ በብዙ ቀዳዳ የተሞላውን የሞተር አካል ሲያቀልጡ ሥራው ደጋግሞ ይበላሽባቸው ነበር። የተበላሸው እንደገና ይቀልጣል፤ እንደገና ይፈስሳል፤ እንደገና ይበላሻል። የመጀመሪያው ሞተር በ1934፣ የመጀመሪያው የሙከራ አውቶሞቢል ደግሞ በ1935 ተጠናቀቀ።

በኖቬምበር 1935 ጂ አንድ የተባለው የጭነት መኪና በቶኪዮ ለሕዝብ ቀረበ። ወደዚያ ሲጓዝ ግን መንገድ ላይ ከመሪው ክፍሎች አንዱ ተሰበረበት። መኪናዎቹ ከተሸጡም በኋላ ብልሽታቸው ብዙ ነበር። ኪይቺሮ ብልሽቱን አልሸሸገም። የቆመ መኪና ባለበት ሁሉ የጥገና ባለሙያ ይላክ፣ እያንዳንዱም ስብራት እየተመዘገበ ወደ ፋብሪካው ይመለስና ክፍሉ ይሻሻል ነበር። በቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ብቻ ማንበብን አይወድም። እጁን በዘይት ያላቆሸሸ መሐንዲስ ሥራውን ያውቃል ብሎ አያምንም ነበር ይባላል። ማሽን አልሠራ ሲል እጅጌውን ሰብስቦ ከዘይት ቋቱ ውስጥ ዝቃጩን በእጁ ያወጣ እንደነበርም ይወራለታል።

በ1936 ኩባንያው ለመኪናው ምልክት ሕዝቡን አወዳደረ፤ 27,000 ያህል ሐሳብ ቀረበ። በዚህም አጋጣሚ ቶዮዳ የሚለው የቤተሰቡ ስም ወደ ቶዮታ ተለወጠ። ቶዮታ በጃፓን ፊደል በስምንት ጭረት ይጻፋል፤ ስምንት ቁጥር ደግሞ በጃፓናውያን ዘንድ የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ኦገስት 28 ቀን 1937 የቶዮታ ሞተር ኩባንያ ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ሪሳቡሮ ፕሬዚዳንት፣ ኪይቺሮ ምክትሉ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ኮሮሞ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ለእርሻ እምብዛም በማይመች ጠፍ መሬት ላይ አዲሱ ፋብሪካ ተመረቀ።

ኪይቺሮ ለዓለም የተወው ትልቁ ሐሳብ የተፈተነው በዚህ ፋብሪካ ነው። መኪና በሺህ ከሚቆጠሩ ክፍሎች ይገጣጠማል። በጊዜው ልማድ እያንዳንዱ ክፍል በብዛት ተመርቶ መጋዘን ይሞላል። ኪይቺሮ ግን የሚያስፈልገው ዕቃ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይድረስ አለ። ከዚያ ቀድሞም ዘግይቶም መምጣት የለበትም።

ይህን ለመረዳት አርሶ አደር ፋብሪካ መግባት አያስፈልገውም። ከዘር ወቅት በኋላ የሚደርስ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት ሰብል አይሆንም። ከወራት በፊት የተከመረ ማዳበሪያ ደግሞ ገንዘብ ያስራል፤ መጋዘን ይፈልጋል፤ እርጥበት ካገኘውም ይበላሻል። ጥቅም የሚሰጠው በወቅቱና በመጠኑ የመጣው ነው። ኪይቺሮም የተነሣው ከዚሁ እውነት ነው። እንደ አሜሪካኖቹ ሰፊ ገበያና ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፤ በመጋዘን የተኛ ብረት የተኛ ገንዘብ መሆኑን ያውቅ ነበር። አሠራሩን በዝርዝር ያስረዳበት መመሪያ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደነበር ይነገራል። አዲሱ ፋብሪካም ትልልቅ መጋዘን ሳይኖረው እንዲሠራ ታቅዶ ነበር።

ነገር ግን ጦርነት መጣ። መንግሥት ጥሬ ዕቃን በራሽን ማከፋፈል ሲጀምር፣ የሚያስፈልገው በሚያስፈልግበት ሰዓት የማይገኝበት ዘመን ሆነና ሐሳቡ ተቋረጠ። ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ የጭነት መኪና አምራች ሆነ። ኪይቺሮ በ1941 ፕሬዚዳንት ቢሆንም፣ ሊሠራ የተመኘው የሕዝብ መኪና ከእጁ ራቀ። ኦገስት 14 ቀን 1945፣ የጃፓን መሸነፍ ለሕዝቡ ሊነገር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የኮሮሞ ፋብሪካ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደበደበ።

ከሽንፈቱ በኋላ መኪና ማምረት ይፈቀድ አይፈቀድ አይታወቅም ነበር። ኪይቺሮ የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ ያስጨንቀው ጀመር። የአጎቱን ልጅ ኤይጂን የሸክላ ዕቃ ሥራ እንዲያጠና አዘዘው። የገዛ ልጁን ሾይቺሮን ደግሞ የዓሣ ምግብ ማቀነባበር እንዲማር ወደ ሰሜናዊቷ ሆካይዶ ደሴት ላከው። መኪና ባይሆን በሌላ ሥራ ሰው እንጀራውን እንዲያገኝ ማሰቡ ነበር። ጎን ለጎን ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በምርታማነት አሜሪካን ካልደረስን የጃፓን መኪና ኢንዱስትሪ አይተርፍም የሚል ግብ ለባልደረቦቹ አስቀመጠ። ከቤተሰቡ የክር ፋብሪካ ወደ መኪናው የተዛወረው ታይቺ ኦኖ የተባለ የምርት ኃላፊ ይህን ግብ በቁም ነገር ከያዙት አንዱ ነው።

በ1949 ሌላ ማዕበል መጣ። የዋጋ ንረትን ለመግታት የወጣው ጥብቅ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ገንዘብን ከገበያው አደረቀ። መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ በዱቤ የገዛም መክፈል አቃተው። ቶዮታ ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ተሳነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ኩባንያውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተስማሙ፤ ሠራተኛው የደመወዝ ቅናሽ ይቀበላል፤ ኩባንያው ደግሞ ሰው አያባርርም። ኪይቺሮ በዘመኑ ሁሉ ሠራተኛን መበተን የአሠሪ ውድቀት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበርና ይህ ቃል ለእርሱ ተራ ወረቀት አልነበረም።

የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ የናጎያ ቅርንጫፍ አስተባብሮ በርካታ ባንኮች ኩባንያውን ከመክሰር አዳኑት። ብድሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የሽያጩ ሥራ ከማምረቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ እንዲሆን፣ የሠራተኛውም ቁጥር እንዲቀንስ ተጠየቀ። ኤፕሪል 1950 ኩባንያው 1,600 ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲለቁ ሐሳብ አቀረበ። ሠራተኛው ተቆጣ፤ ወራት ያልሞላው ቃል ፈርሷልና። ለሁለት ወር ገደማ ሥራ እየተቋረጠ፣ ሰልፍ እየተደረገ፣ ድርድሩም እየተጓተተ ቆየ።

ኪይቺሮ በዚያን ጊዜ በደም ግፊት የታመመ ሰው ነበር። ከፊቱ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረበለት። ቃሉን ጠብቆ ሁሉንም ሠራተኛ ቢይዝ ኩባንያው ይፈርሳል፤ ሁሉም ሥራውን ያጣል። ኩባንያውን ለማትረፍ ሰው ቢቀንስ ቃሉ ይፈርሳል። ሰው መቀነሱ ግድ ሲሆን፣ ቃል የፈረሰበት ሠራተኛ ብቻውን ዋጋ እንዳይከፍል ራሱም ከሚለቁት ጋር ተቆጠረ። ጁን 5 ቀን 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ መልቀቁን አስታወቀ። ክርክሩ ወዲያው ረገበ። ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ፋብሪካውን ለቀው ሄዱ፤ መሥራቹም አብሯቸው ወጣ።

ኪይቺሮ ከለቀቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁን 25 ቀን 1950 የኮርያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር ከጃፓን የጭነት መኪና መግዛት ጀመረ፤ ለቶዮታም በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ መጣለት። ኩባንያው ከመቃብር አፋፍ ተመለሰ። ትእዛዙ ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት ከሥራው የሚፈናቀል አይኖርም ነበር። የጎረቤት አገር እሳት ለአንዱ ሞት ለሌላው ገበያ የሆነበትም ዘመን ነው።

በኪይቺሮ ወንበር የተተካው ታይዞ ኢሺዳ መንበሩን እንደ አደራ ቆጠረው። የኩባንያው ጤና ከተመለሰ በኋላ፣ በ1952 መጀመሪያ ወደ ኪይቺሮ ሄዶ እንዲመለስ ለመነው፤ እርሱም በስተመጨረሻ እሺ አለ። የሕይወቱ ምኞት የነበረውን የሕዝብ መኪና የሚሠራበት ጊዜ የቀረበ መሰለ። ዳሩ ግን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ማርች 27 ቀን 1952 በአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ዕድሜው 57 ነበር። ሥራውን አብሮት የጀመረው ሪሳቡሮም በዚያው ዓመት ተከተለው።

ሰውየው ቢያልፍም ሐሳቡ አላለፈም። ታይቺ ኦኖ የኪይቺሮን በወቅቱና በመጠኑ የማምረት ሐሳብ ከሳኪቺ ራሱን ከሚያቆም መሸመኛ ጋር አጋባው። ካንባን የሚባሉ ትንንሽ ካርዶች ተሠሩ፤ ካርዱ ከቀጣዩ የሥራ ክፍል ካልመጣ በስተቀር የኋለኛው ክፍል አንዳች ዕቃ አያመርትም። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ጥፋት ሲያይ ገመድ ስቦ አለቃውን እንዲጠራ፣ ካልተፈታም መስመሩ እንዲቆም ተፈቀደለት። ጥፋት ሲገኝም ማን አጠፋ ከማለት ይልቅ ለምን ሆነ ተብሎ ደጋግሞ እስከ ሥሩ ይጠየቃል። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ልማድ፣ ጃፓኖች ካይዘን የሚሉት፣ የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። በ1962 ደግሞ ኩባንያውና የሠራተኛ ማኅበሩ በመተማመን ለመሥራት የጋራ ስምምነት ፈረሙ፤ የ1950ው ቁስል ያስተማረው ትምህርት ነበር።

አሠራሩ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በፌብሩዋሪ 1997 በካሪያ ከተማ የፍሬን ክፍል የሚያመርት አንድ ፋብሪካ በእሳት ሲጋይ፣ በመጋዘን የተቀመጠ መጠባበቂያ ስላልነበረ የቶዮታ መስመሮች በአገሪቱ ሁሉ ቆሙ። መጠባበቂያ ከሌለ አንዱ ሲሰናከል ሁሉም ይሰናከላል። ሥራው እንደገና የቀጠለው ብዙ አቅራቢ ፋብሪካዎች ተረባርበው ያንን ክፍል በየራሳቸው ስለሠሩት ነው። በወቅቱ የማድረስ አሠራር ከካርዱ ይልቅ በሰዎች መተማመን ላይ እንደሚቆም ያ ቃጠሎ አሳየ።

የዚህ ሥርዓት ዘር ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ፣ በፋብሪካዎችና በመንግሥት ተቋማት ብክነትን የመቀነስና ሥራን በየዕለቱ የማሻሻል ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። የሥራ ቦታውን አጽድቶ ዕቃውን በሥርዓት የሚያስቀምጥ የዛሬ ሠራተኛ፣ ሳያውቀው ከአንድ የገጠር አናጺ ቤት የተነሣ ሐሳብ እየሠራበት ነው።

የኮሮሞ ከተማ በ1959 ስሟን ለውጣ ቶዮታ ተብላለች። ጁን 11 ቀን 1994፣ ኪይቺሮ በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ በናጎያ ከተማ የቤተሰቡ የቀድሞ ፋብሪካ በነበረበት ግቢ ሙዚየም ተከፈተ። ዓይነት ጂ መሸመኛም ከመኪናዎቹ ጋር በዚያ ይታያል። ልጁ የመኪና ፋብሪካ ከማቆሙ አስቀድሞ ከአባቱ ጋር የሠራው ማሽን ነው፤ ክር ሲበጠስበት ሥራውን ያቆማል፤ የተበጠሰው እስኪቀጠልም አይንቀሳቀስም።